አፕዴት ሰዓት ሲመርጥ

ቀኑን ሙሉ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ይውልና፣ እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ተነስቶ ቤት የሚጠርግ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ካለው ጋር ላሊበላ ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። የጽሕፈት አገልግሎት ሱቄ ኮምፒውተር ነው።

ሥራ ጠፍቶ ዝንብ እሽ ስል ስውል ትንፍሽ አይልም። መታደስ የሚያምረው ደንበኛ ሲመጣ ነው። አንድ ቀን መሪጌታ ይባቤ የልጃቸውን የሥራ ማመልከቻ አስተየቡኝ። ወደ ወልድያ በሚወርደው ሚኒባስ ሊልኩት ነው፤ ሚኒባሱ ደግሞ ፊት ለፊታችን ሰው እየጫነ ነው። ጽፌ ጨርሼ ላትም ስል ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋና፣ ሲበራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደቀነብን።

«ምን ይላል?» አሉ መሪጌታ።

«አፕዴት ነው፤ ራሱን እያደሰ ነው። እስክጨርስ እንዳታጠፉኝ ይላል።»

«ቅዳሴ ገብቷል በለኛ! እንግዲያ አይቋረጥም» ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ለሚቆሙ ሰው ይኼ ምናቸው ነው? የምቁነጠነጠው እኔ ነኝ።

ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ። ከስንት ጊዜ በኋላ ማሽኑ ታድሶ ተነሳ። ምን ተሻሻለ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያየሁት፣ የጻፍኩት ማመልከቻ ድራሹ መጥፋቱን ብቻ ነው።

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። መሪጌታ ግን ኮምፒውተሩን ትክ ብለው አዩትና፣

«ልጄ፣ እኛ እንኳ ደወል ሳንደውል ቅዳሴ አንገባም» አሉ።