አቶ ይጎድለዋል እና የልምምዱ ታንክ

ከሦስት ሰው በላይ ተሰብስቦ አንድ ነገር በሚሠራበት ቦታ ሁሉ የጎደለውን ለመናገር የተፈጠረ አንድ ሰው አይጠፋም። ግድግዳ ቀብታችሁ ጨርሳችሁ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብላችሁ፣ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ስታደንቁ ከኋላችሁ ጉሮሮውን የሚጠርገው እሱ ነው። አዲሱን መደርደሪያ ልታሳዩት ስትጠሩት ውሃ ልክ በኪሱ ይዞ የሚመጣውም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን በቀለለን፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ይሳሳታል። የዚህኛው ጥፋቱ ሁልጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

እኛ አሥራ አራት ጎልማሶች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከብስክሌት መጠገኛ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ተሰብስበን፣ ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ የሚያንሱ የፕላስቲክ ታንኮች እንገጣጥማለን፣ እንቀባለን። ሚስቶቻችን ለምን እንደሆነ ጠይቀው ጠይቀው ትተውታል። በዚህ ማኅበር ውስጥ የጎደለውን የመናገር ሥልጣን ያላቸው፣ ባይሰጣቸውም የወሰዱት፣ ክቡር አቶ ይጎድለዋል ናቸው። ይህን ማዕረግ ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ በፊታቸው ግን «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ ፈሪ ስለሆንን።

የመጀመሪያ ታንኬን ይዤ የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም። ሦስት ወር ለፍቼበታለሁ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ከደረት ኪሳቸው ማጉያ መስታወት አውጥተው፣ ሐኪም በሽተኛ እንደሚያገላብጥ አገላበጡት።

«ግሩም ነው» አሉ።

ልቤ ዘለለች።

«ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል።»

«ምን ጋሼ?»

«ወደ ፊት መሄድ። ሰንሰለቱን ገልብጠህ ነው የገጠምከው። ይሄ ታንክ የሚያውቀው መሸሽ ብቻ ነው።»

የጥርስ ሐኪማችን ደግሞ አለ፤ የማኅበሩ የዝገት ሊቅ። ዝገት ሲቀባ እጃችሁን ብታስጠጉ ቡናማ የሚነካችሁ ይመስላችኋል። አንድ ቅዳሜ ምርጥ ሥራውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«ዶክተር፣ ዝገቱ ወደር የለውም» አሉ ጋሼ። «ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል።»

«ኧረ ምን ጎድሎት?»

«ታንኩ። ዝገቱ በልቶ ጨርሶታል።»

ዶክተር ለሦስት ወር ሰላም አላላቸውም። በዚያው ሰሞን የጥርስ ሕመም የያዛቸው ጋሼ ከተማውን አቋርጠው ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። እዚያ ያለው መርፌ እንደሚያም አላወቁም ነበር።

እሳቸው ራሳቸውስ ምን ይሠራሉ? የልምምድ ታንክ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ፣ ነገሩም ደስ የሚል ነው። ታንኮች ለልምምድ ሲወጡ እውነተኛ ጥይት አይተኮስም። መድፉ ላይ የማይታይ የሌዘር ጨረር የሚልክ መሣሪያ ይታሰራል። የእያንዳንዱ ታንክ ወገብ ዙሪያ ደግሞ ጥቁር ቀበቶ ይጠመጠማል፤ ቀበቶው ላይ የኮት አዝራር የሚያካክሉ ጨረር ተቀባዮች ተደርድረዋል። የባላጋራ ጨረር አንዱን ከነካው፣ ከታንኩ አናት ላይ የተተከለ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ያ ታንክ «ሞቷል» ማለት ነው። መተኮሻው ይቆለፋል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ በቁልፍ እስኪያስነሣው ድረስ ካለበት አይነቃነቅም። ውስጡ ያሉት ሰዎችም ክዳኑን ከፍተው፣ የራስ ቁራቸውን አውልቀው፣ ፀሐይ እየሞቁ ትንሣኤያቸውን ይጠብቃሉ።

እኔ ይህን ከጋሼ ስሰማ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብኩ። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ግን ወደ መስኮቱ ማየት ጀመሩ። የማኅበራችን ሰው የሚወደው ከጦርነት የመጣ ታንክ ነው፤ የተበሳ፣ የተቃጠለ፣ ጭቃ የጠጣ። ቢጫ መብራት ያለው ታንክ ለእነሱ ታክሲ ነው። «ሂሳብ ስንት ነው?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን እንደ ሰው የተዋጋ ታንክ አይሠሩም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የተዋጋውን ታንክ የነዳው ሰው ፎቶ ተነሥቷል። ፋብሪካው ስሙን ብረቱ ላይ ቀርጿል። ቀበቶውን ያሰረውን ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አሁን እያየኸው ነው።»

ለካ ሃያ ሁለት ዓመት የልምምድ ሜዳ ቴክኒሻን ነበሩ። ጠዋት ቀበቶ ያስራሉ፤ ማታ ቀበቶ ይፈታሉ። በቃ፤ አንድ ዕድሜ።

«ደግሞ» አሉ ወደ ሙጫቸው ጎንበስ እያሉ፣ «በእኔ ሜዳ የሞተ ሰው ሁሉ ማታ ራቱን በልቷል። ጨው አነሰው ብሎ ሲያማርር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

የሠሩትን ላሳያችሁ። ቀበቶው ልብስ ሰፊ ከሆኑት ከባለቤታቸው ከእትዬ ቅርጫት የተሰረቀ ጥቁር ጥብጣብ ነው። ጨረር ተቀባዮቹ የሰናፍጭ ፍሬዎች ናቸው። መቶ ፍሬ በማጉያ መስታወት እያዩ መርምረው ሃያ ዘጠኙን አሳለፉ፤ ሰባ አንዱ በብቃት ማነስ ወደ ጓዳ ተመለሱ። «ለታንክ ያልበቃ ለእኔ ምሳ ይበቃል ማለት ነው?» አሉ እትዬ። የመብራቱን መስታወት መጀመሪያ የሠሩት ልክ እስኪመጣ ድረስ ከተመጠጠ ቢጫ የሳል ከረሜላ ነበር። ቀለሙ እንከን አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ጉንዳን በላው። ከዚያ በእጅ ሰዓት ባትሪ የሚሠራ፣ በትክክለኛው ፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ለመሥራት ሁለት ዓመት ወሰደባቸው። «ትክክለኛው ፍጥነት» የሚባል ነገር እንዳለ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ የተጨቃጨቁት ከራሳቸው ጋር ብቻ ነው።

በየዓመቱ አንድ ጊዜ የማኅበሩ ምርጥ ሥራ ተመርጦ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ፣ አንድ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። ጋሼ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ታንካቸውን በጫማ ካርቶን ይዘው መጡ፤ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ሳያስመዘግቡ መለሱት። የጎደለ ነገር ነበረዋ።

ዘንድሮ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እትዬ ስልክ ደወሉልኝ። መዝጋቢው እኔ ነኝ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ዘንድሮ ካልሰጠ አይሰጥም። እጁን አይተኸዋል?»

አይቼዋለሁ። ወረንጦ ሲይዙ ጫፉ ይንቀጠቀጣል። ድሮ ለአንድ የሰናፍጭ ፍሬ አንድ ትንፋሽ ይበቃቸው ነበር፤ አሁን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

ምዝገባው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አርባ ደቂቃ ሲቀረው፣ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ጋሼ ከነካርቶናቸው፣ እትዬ ከነስፌት ቦርሳቸው ደረጃውን ወጡ። ታንኩ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ጋሼ በጥፍራቸው አንዲት ማብሪያ ነኩ። ቢጫው መብራት ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ። ታክሲ እያሉ ሲስቁ የነበሩት ሁሉ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። እኔም ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብዬ መዝገቡን ከፍቼ መጻፍ ጀመርኩ።

«አቁም» አሉ።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት!»

«መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።»

«አዎ! ግሩም ነው!»

«እንግዲያው ሞተዋል። አዛዡን እየው።»

አየሁት። የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያክለው አዛዥ ክዳኑ ላይ ቆሞ፣ የራስ ቁሩን ጠበቅ አድርጎ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ «በለው!» ይላል።

«ሁለት ዓመት መብራቱ ላይ ተተክዬ፣ መሞቱን ለሰውየው ሳልነግረው ቀረሁ» አሉና የካርቶኑን ክዳን አነሡ።

«መብራቱን እናጥፋዋ።»

ልጅዎን ይሽጡ ያልኳቸው ይመስል አዩኝ። ካርቶኑን መዝጋት ሲጀምሩ እትዬ እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጣል አደረጉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከሞተ ምን ያስቆመዋል? አስቀምጠዋ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቀመጥካቸው ሰዎች አይደሉም?»

 ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። አርባ ደቂቃ አይሞላም። እትዬ የስፌት መቀሳቸውን አውጥተው አዛዡን ከወገቡ ቆረጡት። የተቀመጠ ሰው እግር ስንፈልግ፣ ከእኔ ሸሺ ታንክ ሹፌር ላይ ተገኘ። የማኅበሩን ደንብ ለራሴ አገላበጥኩ፤ መዝጋቢ ወረንጦ አይያዝ የሚል አንቀጽ የለም። የጋሼ እጅ አሻፈረኝ ሲል የእኔን አንጓ ያዙ፤ በእኔ ጣት እሳቸው ሠሩ።

«ትንፋሽህን ዋጥ። ወደ ግራ። ያንተ ግራ አይደለም፣ የሱ!»

የራስ ቁሩን አውልቀን ጎኑ አኖርን። የተዘረጋው እጅ ታጥፎ፣ እትዬ ከጨሌ የሠሩትን የውሃ ኮዳ ያዘ። ሰውየው ታንኩ ላይ ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ ጠማኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀር መዘገብኩ።

ምርጫው ሲደረግ ሌሎቹ ታንኮች በመጀመሪያው ዙር ወደቁ፤ የቀሩት የዶክተር ዝገትና የጋሼ መብራት ናቸው። እጅ ወጣ፤ ስድስት ለስድስት። ደንባችን «ድምፅ እኩል ሲሆን ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ተመካክረው ይወስናሉ» ይላል። ይህን ደንብ ያረቀቀው ሰው ሞዴል ሠሪ አይቶ አያውቅም።

ዶክተር ተነሣ። ከኪሱ ያችን ጥርስ ማያ ትንሽ መስታወት አወጣ፣ ታንኩ ላይ አጎነበሰ፣ መስታወቱን ከኋላ በኩል፣ ማንም በማያየው ጥግ አስገባ። ከቀበቶው ወደ መብራቱ የሚወጣው ፀጉር የመሰለ ገመድ እዚያም ውስጥ በየቦታው ታስሮ ነበር። ዶክተር ብዙ ቆየ። ጋሼ ወንበራቸውን ጨብጠዋል።

«ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» አለ ዶክተር ቀና ብሎ። «የኋላ መንጋጋውን እንዲህ የሚያጸዳ ሰው አንድ አላጋጠመኝም።» የራሱን ታንክ አነሣና ወደ ሳጥኑ መለሰ። «ጋሼ፣ ለጥርስዎ ግን እንዲያ አይደሉም መሰለኝ። ሰኞ ብቅ ይበሉ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። እትዬ መሀረብ አቀበሏቸው።

ታንኩ አሁን ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ነው። እኔ ከሥራ ስወጣ መንገዴ በዚያ በኩል አይደለም፤ ግን አልፋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ መጻሕፍት የታቀፈች አንዲት ሴት ሳጥኑ ፊት ቆማ አገኘኋት።

«ይሄ ብልጭ ድርግም የሚለው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

ከሌዘሩ ጀመርኩ። ስለ ቁልፉ ስነግራት መጻሕፍቱን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። ስለ ሰናፍጩ ስነግራት መሬት አኖረቻቸው።

«እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«አይደለሁም፤ እኔ ወረንጦ ብቻ ነው የያዝኩት» አልኩና የጋሼን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ነገርኳት። ከዚያ ሃያ ሁለቱን ዓመት፣ ጠዋቱንም ማታውንም። አውቶቡሷ ያመለጣት ይመስለኛል።