ነጠላ የለበሰችው ፍየል

ሰው ምክንያቱን ላላወቀው ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጎረቤቱን ነው። አይሳቁ! እርስዎም ዶሮዎ እንቁላል ያቆመች ዕለት አጥሩን ገልመጥ ማድረግዎ አይቀርም።

አክስቴ ዘነቡ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥታ አሶሳ ዳር የቀረች ሴት ናት፤ ሀብቷ ሦስት ፍየል። ሁለቱ ተከታትለው ጨነገፉባት። የቀረችው ዳማ ሆዷ ገፍቷል። አክስቴ ተስፋዋን በሙሉ ዳማ ላይ ጣለች፤ ጥርጣሬዋን ደግሞ ጎረቤታችን ሐጃ ኑራ ላይ።

«‹እንዴት ያማረ ፍየል!› ባለች በሳምንቱ አይደል እንዴ የጨነገፉብኝ? ዓይኗ ነው!» ትላለች።

ስለዚህ ሐጃ ኑራ ባለፉ ቁጥር አክስቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ዳማ ሆድ ላይ ጣል! ፍየሏም በሚያዝያ ሙቀት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ መስላ ትቆማለች።

«ፍየል አመመው እንዴ?» አሉኝ ሐጃ ኑራ አንድ ቀን፤ አፋቸውን የፈቱት በበርታኛ ነው።

«ብርድ ነገር ነው» አልኩ አፍሬ።

«ወላሂ፣ እኔ ላብ በላብ ነኝ!»

እኔ ደግሞ ባዮሎጂ ከወደቅሁ ወዲህ ባዮሎጂን አጥብቄ የወደድኩ ሰው ነኝ። ስልኬን ስጎረጉር ከረምኩና አገኘሁት፦ ቶክሶፕላዝማ! ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ። ድመት አይጥ ስትበላ አብሮ ይገባል፣ አንጀቷ ውስጥ ይራባል፣ በኩሷ ይወጣል። እርጉዝ ፍየል ከመኖዋ ጋር ከዋጠችው ጽንሷን ሊያስጥላት ይችላል። የኛ የፉርሽካ በርሜል ደግሞ ክዳን የለውም፤ ባለቤት የሌላት ቡራቡሬ ድመት አልጋዋም ሽንት ቤቷም እዚያው ነው።

ሮጬ የእንስሳት ሐኪሙን ጠየቅኩ። «ደም ሳልመረምር አልምልም፤ ግን ጥርጣሬህ ያስኬዳል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ!

«አክስቴ፣ ሕዋስ ነው! ዓይን እንኳ የለውም! ዓይን የሌለውን ትተን የሰው ዓይን እንከሳለን!»

አክስቴም «እንግዲያ ድመቷን አንሳልኛ!» አለች። ድመቷን በጆንያ፣ ጆንያውን በባጃጅ፣ ከተማውን አቋርጬ ወዲያኛው ጫፍ ለቀቅኋት። ጀግና ሆኜ ተመለስኩ። በሳምንቱ አይጦቹ በርሜሉ ውስጥ ሠርግ ደገሱ። ልብ ይበሉ፤ አይጥም የበሽታው ሰንሰለት ውስጥ አለች፤ ድመቷ አልጋዋን አጣች እንጂ እኛ ሰላም አላገኘንም።

ሐጃ ኑራ ከአጥር ማዶ ጉዱን አይተው ኖሮ ያረጀ ቆርቆሮና ድንጋይ ተሸክመው መጡ። የቆሸሸውን ፉርሽካ አስደፉኝ፣ በርሜሉን አሳጠቡኝ፣ አዲሱን አስሞሉኝ፤ ቆርቆሮውን ጣሉ፣ ድንጋዩን ጫኑበት።

«ኻላስ» አሉ። በቃ!

እኔ ለአንድ ወር ያብራራሁትን እሳቸው በአንድ ድንጋይ ጨረሱት።

ዳማ መንታ ወለደች፤ ሁለቱም እየዘለሉ! አክስቴ መጀመሪያ የጠራችው ሐጃ ኑራን ነው። «ነይ እይልኝ! እስኪበቃሽ እይ!» አለችና ነጠላዋን ከዳማ ጀርባ አንስታ ሐጃ ኑራ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው።

«ፍየል ፍየል ይሸታል» አሉ ሐጃ ኑራ። ግን አላወለቁትም።

በዚህ መሐል ቡራቡሬዋ ከሄደችበት ከተማውን አቋርጣ በእግሯ መጣች፤ ዘላ ቆርቆሮው ላይ ወጣችና ፀሐይ ትሞቅ ጀመር። ዕድሌን አላሳለፍኩም፦ «እንግዲህ ድመት ራሷ ጠላት አይደለችም፤ ተውሳኩን በኩሷ የምታወጣውም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም…»

ሐጃ ኑራ ወደ አክስቴ ዘወር አሉ።

«ዘነቡ፣ እኔ ቤት ሌላ ቆርቆሮ አለ። ለዚህ ልጅ አፍ ይሆናል?»

አክስቴ አፌን ለካችና «ድንጋዩን ከበድ አድርጊው» አለች።