የማይቸኩሉት አያ ኑርዬ

በየከተማው አንድ የማይቸኩል ሰው አለ፤ ከእሱ ጋር ጉዳይ የሚገጥማችሁ ደግሞ ሁልጊዜ ነፍሳችሁ ልትወጣ እስክትደርስ በቸኮላችሁበት ቀን ነው። አንዳንድ ቦታ ልብስ ሰፊ ሆኖ ይገኛል፣ አንዳንድ ቦታ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ማኅተም ይመታል። ሐይቅ ከተማ ላይ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ስማቸው አያ ኑርዬ ነው። እኔ በሆዴ የሰጠኋቸው ማዕረግ ግን ብዙ ነው፤ በደህናው ቀን "ክቡር የዝግታ ሊቀ መንበር"፣ የተናደድኩ ዕለት "ግርማዊነታቸው"።

እንዴት እጃቸው ላይ እንደወደቅኩ ልንገራችሁ። ስህን እባላለሁ። ቤቴ ሐይቅ፣ ሥራዬ አምባሰል ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ገበሬው "ዶክተር" ይለኛል፤ አይደለሁም እያልኩ ብዙ ተከራክሬ፣ ደክሞኝ ትቼዋለሁ። የታመመ በሬ እንደሆነ ዲፕሎማ አይጠይቅም። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርጌ ከኋላዬ እጭንና ውጫሌን አልፌ ወደየመንደሩ እወጣለሁ። ስለዚህ ሞተሬ ታመመች ማለት እኔም፣ ላሞቹም፣ የላሞቹ ባለቤቶችም ታመምን ማለት ነው።

መጀመሪያ የምሄደው ሌላ ጋራዥ ነበር። ስሙን አልጠራም። ባለሙያው ፈጣን ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ፈገግታው ፈጣን፣ ምላሱማ አይነሳ። ምንም ይዤ ብሄድ መልሱ አንድ ነው፦ "አምስት ደቂቃ!" ሰንሰለቱ ላልቷል? አምስት ደቂቃ። መብራቱ ጠፍቷል? አምስት ደቂቃ። ቤንዚን አላግባብ ትጠጣለች? "እሷንማ ሦስት!" የሠራልኝ ነገር ሳይበላሽ የሚቆየውም ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር።

አንድ ቀን የኋላ ፍሬኗን "አጥብቄልሻለሁ" ብሎ ሰጠኝ። በማግሥቱ ከአንድ መንደር ስመለስ፣ የኮረት መንገዱ ቁልቁል በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ፍሬኑን ብረግጠው እግሬ ባዶ ነገር ረገጠ። ቡሎኑ ወድቋል። የፊቱን ብይዘው ጎማው ኮረቱ ላይ ተንሸራተተ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ማሽላ ብቻ ነው፤ ግራ ማሽላ፣ ቀኝ ማሽላ፣ አፌ ውስጥ ማሽላ። ጉዞው ሲያበቃ የእርሻው ባለቤት አገዳውን በእጁ እየገለጠ መጣና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ዶክተር" አለኝ ግራ ተጋብቶ፣ "ላሟ እኮ ያለችው በዚያ ማዶ ነው። ምነው በማሽላው በኩል?"

ሰውነቴ ደህና ነበር። ውስጤ ግን የሆነ ነገር ላላ። ከዚያ ቀን በኋላ ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር መዳፌ በላብ ይርሳል። እንጨት የተሸከሙ ባልቴቶች በእግራቸው ቀድመውኝ እያለፉ "ደህና ዋልሽ ወይ ዶክተር?" ይሉኝ ጀመር። እኔም ከሞተሬ ላይ ሆኜ "እግዜር ይመስገን፣ እናንተስ?" እላለሁ። ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠይቀን ለመጨረስ ጊዜው ይበቃን ነበር።

ጎረቤቴ ፈዲላ ሻይ ቤት አላት። መኪና የሚነዳ ሁሉ ስለሚያርፍባት በመንገዱ ላይ የማታውቀው ነገር የለም። ሁኔታዬን አይታ "አያ ኑርዬ ዘንድ ውሰጃት" አለችኝ። "እሳቸው ሠሩ ማለት ሠሩ ነው። ብቻ..."

"ብቻ ምን?"

"ብቻ ምሳሽን ይዘሽ ሂጂ።"

ጋራዡ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ግድግዳው ሦስት ብቻ ነው፤ አራተኛው ሐይቁ ነው። አያ ኑርዬ፣ በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ ቀጭን ሰው፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ ሰላምታዬን መለሱልኝ፤ ከዚያ ወደ ውሃው ተመለሱ። ቆይተው ቆይተው "ምኗን ነው የሚያማት?" አሉኝ።

"ፍሬኗን።"

"እሱ አንቺ የፈራሽው ነው። እኔ የጠየቅኩሽ የሷን ነው።"

"እንግዲያ እኔ እንጃ፣ አያ ኑርዬ።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉ ደስ ብሏቸው። "አሁን ሁለታችንም አናውቅም። ከዚህ ይጀመራል።"

ጀመሩ። መጀመር እንኳ ትልቅ ቃል ነው። አንድ ቡሎን ይፈታሉ፣ በቤንዚን ያጥባሉ፣ ጤፍ ገበያ እንደወጣ ሰው መዳፋቸው ላይ አድርገው ያገላብጡታል፣ ከዚያ ኬሻ ላይ ከወንድሙ ጎን ያስተኙታል። ቀጥሎ ትንሽ ያርፋሉ። እኔ አሥር ጊዜ ሰዓቴን አየሁ። በአሥራ አንደኛው ማየት ተውኩ። ውሃው ላይ ስስ ጭጋግ ተኝቷል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ከጭጋጉ በላይ ሥር የሌላቸው መስለው ይንሳፈፋሉ። አንድ ታንኳ ትሄድ ይሁን ትቁም ሳይለይላት ከነጥላዋ ትታያለች። ከወዲህ የብረቱ ኳ፣ ከወዲያ የወፎቹ ድምፅ። ነቅቼ ነበር ብዬ አልምልም። ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይዋ ቦታ ቀይራለች፣ ሞተሬ በሙሉ ኬሻው ላይ ተዘርግታለች፣ ግርማዊነታቸውም ውሃውን ያያሉ።

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስቱ ቀን ያየሁትን ሁሉ ብጽፍ አንድ ደብተር አይበቃኝም። አንድ የቢሮ ኃላፊ እየሮጠ መጥቶ "አያ ኑርዬ፣ ቶሎ በሉ፣ ስብሰባ አለብኝ!" አላቸው።

"የስንት ሰዓት ነው?"

"የሦስት።"

"አሁንስ ስንት ሆነ?"

"ሦስት ተኩል።"

"ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል? አንዴ አርፍደሃል እኮ። ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ሰውየው እስከ ምሳ ድረስ ውሃውን ሲያይ ውሎ፣ ሲሄድ ፊቱ ሲመጣ ከነበረው በአምስት ዓመት ያነሰ መሰለ።

በሁለተኛው ቀን አንድ አባት የውሃ መሳቢያ ሞተር በአህያ አስጭነው መጡ። አያ ኑርዬ ግማሽ ቀን አገላበጡት፣ ጆሯቸውን ለጠፉበት፣ ፈትተው ገጠሙት። በመጨረሻ "አባ፣ ይሄን አላውቀውም" አሉ። "ደሴ የሚያውቅ ሰው አለ። እሱ ዘንድ ይሂድ፤ በኔ እጅ እንዳይበላሽ።" አባም መርቀዋቸው ሄዱ። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በዕድሜዬ ብዙ መካኒክ አይቻለሁ፤ "አላውቀውም" የሚል ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ይህን ሰው ለማመን የወሰንኩት ያኔ ነው፤ ምንም እንኳ ሞተሬ ገና ኬሻ ላይ ብትሆንም።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተገጣጥሞ ሲያበቃ መፍቻውን እጄ ላይ አኖሩት። "የመጨረሻዋን አንቺ እሰሪያት። በሰው እጅ የታሰረ ቡሎን ቁልቁለት ላይ ያሳስባል።" አሰርኩ። "ጨምሪ።" ጨመርኩ። "በቃ፣ ከዚህ በላይ ጭካኔ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሞተሬ ደህና ሆነች፤ እኔም ወደ ደህንነቱ ተጠጋሁ። ቁልቁለት ላይ መዳፌ መርጠቡን ባይተውም ባልቴቶቹን መቅደም ጀመርኩ።

ኅዳር ውስጥ የፊት ጎማዋ መጮህ ስለጀመረ ወስጄ ለአያ ኑርዬ ሰጠኋቸው። በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ለተብርሃን ነበሩ፤ ከውጫሌ በላይ ባለች መንደር የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከአንዲት ላም በቀር ከብት የሌላቸው ሴት።

"ዶክተር፣ ላሜ ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ አደረች። እግሩ ብቻ ወጥቶ ቆሟል። ኧረ ድረሽልኝ!"

ሳጥኔን ይዤ እየሮጥኩ ዳሱ ደረስኩ። ሞተሬ አንድ ጎማ ይጎድላታል።

"ገና ናት" አሉ አያ ኑርዬ።

"ዛሬን ብቻ ይቸኩሉ! በአላህ ይሁንብዎ!"

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ተሰነጣጥቆ፣ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ሆኗል። "ይሄ ቁልቁለት ላይ ከተበተነ ጎማው ይቆለፋል። ምትኩ እስከ ከሰዓት ከደሴ ይመጣል። አሁን ከሄድሽባት ላሟ ዘንድ አትደርሺም፤ አንቺን ከመንገድ ነው የምናነሳው።"

እውነታቸውን እንደሆነ አውቃለሁ። ያናደደኝም እሱ ነው። "እርስዎ ምን አለብዎ!" ብዬ ጮኽኩባቸው። "ውሃ ሲያዩ ይውላሉ! ሰው ግን እዚያ አንድ ያላት ላም ልትሞትባት ነው!"

አያ ኑርዬ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ። ከዚያ ወደ ጥግ ሄደው የተሸፈነ ነገር ገለጡ። የራሳቸው ሞተር ነበር፤ አሮጌ፣ ግን ተወልውላ እንደ ጸሎት መቁጠሪያ ዶቃ የምታብረቀርቅ።

"ሳጥንሽን እሰሪና ከኋላዬ ውጪ" አሉኝ።

ከኋላቸው ተቀመጥኩ። በረራ ጠብቄ ነበር፤ አልበረሩም። መዘግየትም ፈርቼ ነበር፤ አልዘገዩም። መንገዱ ከሥራችን እንደ ፈትል ሳይበጠስ ተተረተረ። እኔ በየመታጠፊያው "ይጨምሩ!" እላለሁ፤ እሳቸው "አብሽሪ" ይላሉ። ውጫሌን አለፍን፣ የኮረቱን ዳገት ወጣን፣ የአምባሰል ገደል በስተግራችን በማለዳው ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል። ቁልቁለቱ ሲመጣ ገና ሳይደርሱበት ማርሽ ቀነሱ፤ ሞተሯ ራሷን ይዛ እየዘመረች ወረደች። ታች ስንደርስ መዳፌን አየሁት። ደረቅ ነበር።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። አራት ጎረምሶች ገመድ ይዘው ይጎትታሉ፣ ሃያ ሰው ምክር ይሰጣል። ገመዱን አስጣልኳቸውና እጄን ታጥቤ ገባሁ። የጥጃው ራስ ወደ ኋላ ታጥፏል። መልሼ ገፋሁት፣ በጣቶቼ አፍንጫውን ፈለግኩ፣ ያዝኩ፣ አመለጠኝ፣ እንደገና ያዝኩ። ራሱ ሲቃና ክንዴ የኔ አልነበረም። አሁን የሚቀረው መሳብ ነው፤ ለመሳብ ግን ጉልበት አልቀረልኝም።

"አያ ኑርዬ፣ ገመዱን ይያዙልኝ። ስታምጥ ብቻ ይሳቡ። ስታርፍ ይተዉ።"

"ሳቡት! ጨርሱት!" ይላል ሰው ሁሉ። ባፍርበትም ልናገር፦ እኔም በሆዴ "ሳቡት" እያልኩ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ እጃቸውን ላሟ ጎን ላይ አሳርፈው፣ ዳሱ ውስጥ እንደሚሆኑት ሆኑ። "ገና" አሉ። ጩኸቱ ጨመረ። "ገና።" ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላቸውን ነክሰው ዞሩ። ላሟ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ተወጠረች፤ "አሁን" አሉና ሳቡ። እንዲህ አራት ጊዜ። በአራተኛው ጥጃዋ ተንሸራታ ገለባው ላይ ወደቀች።

አልተነፈሰችም። በገለባ አሸኋት፣ አፍንጫዋን በአገዳ ነካካሁ፣ ደረቷን ተጫን ተጫን አደረግኩ። ከዚያ ጥጃዋ አነጠሰች፣ ንጹሕ፣ የተናደደ ማስነጠስ። እልልታው ገደሉን መትቶ ተመለሰ።

ወይዘሮ ለተብርሃን አንገቴ ላይ አለቀሱ። ዓይናቸውን ጠርገው ወደ አያ ኑርዬ ዞሩና "አንቱስ የየት አገር ዶክተር ነዎት?" አሉ።

"እኔ ሞተር ነው የማክመው።"

"ታዲያ ምን ለየው?"

እሳቸው እንደ ሁልጊዜው ረጅም አሰቡ። ላሟ ጥጃዋን መላስ ጀምራለች። "ሞተር አይልስም" አሉ በመጨረሻ።

ስንመለስ ከኋላቸው ሆኜ "ጠዋት ለተናገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"እኔም ፈጣን ነበርኩ፣ ስህኔ" አሉ፤ ነፋሱ ግማሹን ወሰደው። "ወጣት ሳለሁ በከተማው እንደኔ ፈጣን አልነበረም። አንድ ሰው እኔ በቸኮልኩበት ሞተር ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ዛሬም እያነከሰ ያልፋል። ሲያየኝ ደግሞ ይስቅልኛል፣ ስለ ልጆቼ ደህንነት ይጠይቀኛል። ወላሂ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።"

ይኸው ከዚያ ወዲህ ብዙ ወር ሆነ። ሞተሬ ጤነኛ ናት፤ እንዲህ ጤነኛ ሆና አታውቅም። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ቤቴን አልፌ ወደ ውሃው ወረድኩ። ዳሱ ፊት አቆምኳትና የምነግራቸው በሽታ ፈለግኩላት። ሰንሰለቷ እንዳልል አይጮህም፣ ፍሬኗ እንዳልል ይይዛል። አያ ኑርዬ ሞተሯን አዩ፣ እኔን አዩ። አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉልኝ።