ኢሪኔዎ ቤንታንኩር የተጣበቀውን ሞተር ያላቀቁበት ሳምንት

ጸጉርን ለሰው ሰጥቶ በጊዜው ለሚነሣ አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ በዘመነ ኢሪኔዎ ቤንታንኩር፣ እርሳቸው ምላጫቸውን ሰቅለው ጡረታ በወጡ በሰባተኛው፣ ጥቁሯ መኪናቸውም በጓሮው የቆርቆሮ ጋራዥ ገብታ በተኛች በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በወርኃ የካቲት፣ ካርኒቫል ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው፣ በኡራጓይ ምድር፣ በወንዝ ዳር በተቆረቆረችው በፓሶ ሂሜኔስ ከተማ የተደረገውን ድንቅ ሥራ እንጽፋለን። እኛ ጸሐፊው የዚያችው ከተማ የፖስታ ቤት ጡረተኛ ነን፤ ሁሉን በዓይናችን አይተናል፤ ጥቂት ብንጨምር እንጂ ያጎደልነው የለም።

እኒህ ጸጉር አስተካካዩ ኢሪኔዎ፣ የአራት ሺህ ራስ ገዥ፣ የጢም ዳኛ፣ የሪዝ አቅኚ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ምላጭ ይዘው ከሁለት ጊዜ በቀር ደም ያላፈሰሱ (አንደኛው የቄሱ ጆሮ ነበረ፤ እርሱም ቄሱ ስላስነጠሱ ነው)፣ አንደበታቸው ለስላሳ፣ እጃቸው የረጋ፣ "ነገ" የሚለውን ቃል ግን ከቃላት ሁሉ አብልጠው የሚወዱ ሰው ነበሩ። መኪናይቱም ጀርባዋ ክብ፣ ግንባሯ ሰፊ፣ በየዓመቱ በጥር ወር ባለቤታቸውን እቴጌ ዙልማን ወደ ባሕር የሚወስዱባት ነበረች። አንድ ክረምት ውሃ ብታፈስ "ነገ አያታለሁ" ብለው ጋራዥ አስገቧት፤ ያም ነገ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። በዚህ መካከል ዶሮዎች የኋላውን ወንበር ወርሰው፣ እናት ለልጅ እያወረሰች፣ ሦስት ትውልድ ነገሡበት።

እቴጌ ዙልማም ልብስ ሰፊ ነበሩና፣ ሙርጋ የሚባለው የካርኒቫል ዘማሪ ቡድን በየዓመቱ ልብሱን ከእርሳቸው ዘንድ ያሰፋል፤ የካቲት በገባ ቁጥር ቤቱ በሳቲን፣ በላባና በአብረቅራቂ ጌጥ ይጥለቀለቃል፤ ባለቤታቸውም በአልጋቸው ላይ ቦታ አጥተው ከሃያ ሁለት ኮፍያ ጋር ያድራሉ። ስለዚህም እቴጌ ዙልማ በዚያች ማክሰኞ ጠዋት መቀሳቸውን እንደያዙ በጓሮው በር ቆመው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

"የሰማህ ላልሰማው አሰማ! የስፌት መኪናዬ ከእንግዲህ የሚቀመጠው ጋራዡ ውስጥ ነው። ይቺ ጥቁር ጉድ ካርኒቫል እስኪገባ ድረስ ወይ ነፍስ ዘርታ በገዛ እግሯ ትውጣ፣ ወይ ወንድሜ ዋልዴማር በትራክተሩ ጎትቶ ለብረት ለቃሚ ይስጣት። ነገ የሚባል ነገር ሰልችቶኛል። ዶሮዎቹም ዕቃቸውን ይሸክፉ!"

ኢሪኔዎ ይህን በሰሙ ጊዜ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጥተው፣ የሣር ጭድ መስሎ የቀረውን ቅጠል አራግፈው፣ ተነሡ። መነሣታቸውን ያየ ሁሉ ተከተላቸው፤ ከተከተሏቸውም መካከል አንገተ አጭሩ ሥጋ ሻጭ፣ ባለሁለት አዙሪቱ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሸበቶውን በቡና ቀለም የሚቀባው የመዝገብ ቤት ሹም፣ እንዲሁም እኛ ጸሐፊው ነበርን፤ እኛ ጸጉር የለንም።

ጠላታቸው ዋልዴማርም መጣ። ይህ ዋልዴማር የእቴጌይቱ ታናሽ ወንድም፣ የትራክተር ባለቤት፣ የሙርጋው ከበሮ መቺ፣ በሰርጋቸው ቀን "እህቴን ለምላጭ ሰጠናት" ብሎ ያለቀሰና ከዚያ ወዲህ ነገሩን ያልተወ ሰው ነው። ትርፍ የትራክተር ባትሪ ከቤቱ አመጣ፤ ለደግነት ሳይሆን ለማየት ነው። ኢሪኔዎ ቁልፉን ቢያዞሩ ማስነሻው ሞተሪኖ "ጧ!" ብሎ ዝም አለ። ደግመው ቢያዞሩ "ጧ!"። ከሞተሩ ፊት ያለውን ትልቁን ብሎን በረጅም ቁልፍ ይዘው ቢጫኑ፣ ሥጋ ሻጩም ቢጨመር፣ ዳቦ ጋጋሪውም በላያቸው ቢንጠለጠል፣ የጸጉር ስንጣቂ ያህል እንኳ አልተነቃነቀም። ሞተሩ በውስጡ ዝጎ፣ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር እንደ አንድ ብረት ተጣብቆ ነበርና።

"ዶን ኢሪኔዎ፣" አለ ዋልዴማር ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ እያደረገ፣ "ይቺ እንኳን ልትነሳ ለመገነዝም ዘግይታለች። ነፍስ ይማር እንበል?"

"አንተ ለገዛ ጸጉርህ ጸልይ፣" አሉ ኢሪኔዎ። "እሱ ነው እየሞተ ያለው።"

ከዚህ በኋላ ታላቅ ምክር ሆነ። ሥጋ ሻጩ ኮምጣጤ ይፍሰስበት አለ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ኮካ ነው መድኃኒቱ አለ። ዳቦ ጋጋሪው ካኛ የሚባለውን የሸንኮራ አረቄ አንድ ጠርሙስ አመጣ፤ ጥንካሬውን ለማረጋገጥ ሲቀምስ፣ ሌሎቹም ሲያረጋግጡ፣ ለሞተሩ የተረፈው ሽታው ብቻ ሆነ። ኢሪኔዎ ግን ሠላሳ ዓመት ጢሙን የላጩለትን አንድ የጀልባ መካኒክ አስታወሱ። ያ ሰው በሳሙና አረፋ ውስጥ ሆኖ "ዝገት ማለት እንደ ሦስት ቀን ጢም ነው፤ ሳታለሰልስ ከገባህበት ይሰብርሃል" ይላቸው ነበር። እናም እሳት የሚጭሩትን አራቱን ካንዴላዎች ፈትተው፣ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት እኩል ቀላቅለው በአራቱም የሲሊንደር ጉድጓድ አፈሰሱ፤ ትኩስ ፎጣም እንደ ድሮው ጠምዝዘው በሞተሩ ላይ አለበሱት። ይህንንም አዋጅ አስነገሩ፦

"እኔ ኢሪኔዎ እላለሁ። ማንም ሰው በዚህ ጋራዥ ዙሪያ ሃያ እርምጃ ቀርቦ 'አይነሳም' የሚል ቃል እንዳይተነፍስ። የተነፈሰ እንደሆነ ጸጉሩን ሌላ ከተማ ሄዶ ይቆረጥ!"

ጡረታ መውጣታቸውን ያስታወሳቸው የለም።

ረቡዕ ዘይት ጨመሩ፣ ፎጣ ቀየሩ፣ ቁልፉን ተጫኑ፤ አልሆነም። ሐሙስም እንዲሁ። ዓርብ ዘነበና ከተማው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ቶርታ ፍሪታ ሲጠብስ፣ ያ ሊጥ በሞራ የሚጠበሰው፣ እርሳቸው ከሞተሩ አጠገብ በዱካ ተቀምጠው ጠበቁ። ቅዳሜና እሑድም አለፉ፤ ሰኞ እጃቸው ተላጠ፤ ማክሰኞ ሥጋ ሻጩ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ፤ ረቡዕ ዳቦ ጋጋሪው ምክንያት እንኳ ሳይሰጥ ቀረ። ዋልዴማር ግን በየቀኑ አልቀረም። "እንደምን አደረች ሟቿ?" ይላል በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ። "ዛሬስ ጢሟን ላጯት ወይስ ሪዟን ብቻ ነው ያስተካከሏት?"

ሐሙስ፣ የካርኒቫል ዋዜማ፣ የኢሪኔዎ ትዕግሥት አለቀ። በዚያን ቀን በዱካቸው ላይ ጎብጠው ስናያቸው እኛም ጸሐፊው አዘንን፤ ስለ መኪና ብቻ አልነበረምና። ሰው ምላጩን ከሰቀለ በኋላ እጁ ለምን እንደሆነ አያውቅም። ዋልዴማርም ለልብስ ልኬት መጥቶ፣ እኅቱ የሰፉለትን ነጭ የሳቲን ልብስ እንደ ሙሽራ ለብሶ፣ ትራክተሩን አስነሥቶ "ስሙኝ አማቼ፣" አለ፣ "ሁለተኛ ማርሽ አስገቡና እኔ ልጎትታት። ወይ ትላቀቃለች ወይ ይለይላታል። ምን ቀራት?"

ኢሪኔዎ ቁልፉን መሬት ላይ ጣሉት። "ጎትታት፣" አሉ።

ሰንሰለቱ ታሰረ። ከተማውም ተሰበሰበ፤ የቀሩት ሁሉ ተመለሱ፤ ሥራ የነበረውም ሥጋ ሻጭ ሽርጡን እንደታጠቀ መጣ። ትራክተሩ አንድ ጊዜ ሲያጓራ፣ እቴጌ ዙልማ በእጃቸው የሹራብ መርፌ ይዘው ከቤት ወጥተው በትራክተሩ ፊት ቆሙ።

"አጥፋው!" አሉ ወንድማቸውን።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ጎትት ያልሽኝ?"

"አጥፋው አልኩህ! በጉልበት ከጎተትከው ውስጡን ትሰብረዋለህ። ሦስተኛው ጉድጓድ ዘይት ጠጥቷል።"

ኢሪኔዎም ቀስ ብለው ዞረው "ምን አልሽ?" አሉ።

"አንተ ከምሳ በኋላ ስታንኮራፋ ማን የሚያያት ይመስልሃል?" አሉ እቴጌይቱ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። "በዚህ መርፌ ስለካው ነው የሰነበትኩት። ሦስቱ ዘይቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ታች ያሳልፋሉ። ሦስተኛው ብቻ ነው አፉን የዘጋው፤ የነከሰው እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳየው ሁለት ጣት ወርዷል። ዝገቱን ሰርስሮ ገብቷል ማለት ነው። አንተም ደግሞ ዘጠኝ ቀን ጠብቀህ በአሥረኛው ትጎተት ትላለህ!"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ 'ነገ አያለሁ' ልትለኝ?"

ኢሪኔዎ ቁልፉን ከመሬት አነሡት። ረጅም የውሃ ቱቦ በጫፉ ሰኩበት፤ እርሳቸው ከዚህ፣ እቴጌይቱ ከዚያ ያዙ። እንደ በሬ አልተጫኑትም፤ ወደ ፊት ጥቂት፣ ወደ ኋላ ጥቂት፣ እርሳቸው በሹክሹክታ "ቀስ... ቀስ..." እያሉ፣ ለተኛ ሕፃን አልጋ እንደሚወዘውዙ ሆኑ። ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ "ጥ" የምትል ድምፅ ተሰማች። ትንሽ ናት፤ እኛ ግን ሰምተናል። የስንዴ ፍሬ ታህል ሄደ፤ ተመለሰ፤ የባቄላ ፍሬ ታህል ሄደ፤ ተመለሰ፤ በመጨረሻም ቱቦው እንደ ሰዓት ዘንግ ዞሮ ኢሪኔዎን በቂጣቸው አስቀመጣቸው። ያኔ የተነሣውን እልልታ ወንዙ ማዶ ያሉ አሳ አጥማጆች ሰምተው ካርኒቫል ገባ ብለው ሥራ አቆሙ።

ዋልዴማር ግን አላመነም። "ቢዞር ምን ዋጋ አለው? እስቲ ልየው" ብሎ በነጭ ሳቲኑ እንዳለ በሞተሩ ላይ አጎነበሰ። ካንዴላዎቹ ገና አልተመለሱም ነበር፤ አራቱም ጉድጓድ ክፍት ነው። እቴጌ ዙልማ "አንተ ልጅ፣ ዞር በል!" አሉ፤ አልሰማም። ኢሪኔዎ ከመሪው ኋላ ገብተው የማስነሻውን ቁልፍ አዞሩ። ሞተሪኖው ሞተሩን ባሽከረከረው ጊዜ በየቀኑ ሲጨመር በጉድጓዶቹ የተረፈው ዘይት እንደ አራት ፏፏቴ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ ዋልዴማርም ከግንባሩ እስከ ጉልበቱ ጥቁር ተቀባ።

"ልብሴን!" ብሎ ጮኸ።

"ልብሴን!" ብለው የሰፉት እኅቱ አብረው ጮኹ። ቀጥሎም፣ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ካንዴላዎቹ ተመለሱ፣ ጎማዎቹ ተነፉ፣ ንጹሕ ቤንዚን የያዘ አንድ ጠርሙስ በቱቦ ከካርቡራተሩ ጋር ተገናኘ። ኢሪኔዎ መሪውን ጨበጡ። ሞተሩ አሳለ፤ አንዴ ተኮሰ፤ ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ለቆ ተነሣ። ጭስ ማውጫውም የአሥራ አንድ ዓመት የአይጥ ጎጆ በሥጋ ሻጩ ሽርጥ ላይ ተፋ። የመጨረሻዋ ዶሮ በመስኮት ወጣች። እቴጌ ዙልማ ያለ ግብዣ በጎናቸው ገብተው ተቀመጡና መኪናይቱ ወደ አደባባዩ ወጣች።

ከመጀመሪያው ማዕዘን ሲደርሱ ኢሪኔዎ ፍሬኑን ረገጡ፤ እግራቸው ወለል ነካ። ስለ ፍሬን በዘጠኙ ቀን ያሰበ አልነበረም።

"አይቆምም፣" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ታዲያ አጥፋዋ!"

"ካጠፋኋት ዳግም ባትነሣስ?"

እቴጌይቱ አዩአቸው። ላብ በላብ ሆነዋል፣ እጃቸው ተላጧል፣ ዓይናቸው ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ዓይን ነበረ። "እንግዲያ አታጥፋት፣" አሏቸው። "ዙር።"

እናም በመጀመሪያ ማርሽ አደባባዩን ዞሩ። ሕዝቡ የድል ዙር መስሎት ኮፍያውን አወለቀ፤ ልምምድ ላይ የነበረው ሙርጋ ከበሮ መታ፤ ቄሱ ከደጀ ሰላሙ ሁለት ጊዜ ባረኩ፤ በሦስተኛው ግን ሸሽተው ገቡ። አራት ዞሩ፣ ስምንት ዞሩ። በአሥረኛው እቴጌ ዙልማ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ሰላምታ ይሰጡ ጀመር። በአሥራ አራተኛው ቤንዚኑ አለቀና መኪናይቱ በከተማው ክበብ ደጃፍ በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ክብር ቆመች።

ኢሪኔዎ ቁልፉን ለመንካት ፈሩ። እቴጌይቱም በመስኮቱ ብቅ ብለው "ዋልዴማር!" ብለው ተጣሩ፤ "ቤንዚን አምጣ!" እርሱም ዘይት እያንጠባጠበ ሮጦ አመጣ፤ ቃልም አልተነፈሰም። ጠርሙሱ ሲሞላ እቴጌይቱ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፉን ራሳቸው አዞሩት። በአንድ ጥሪ ተነሣች።

ስለዚህ እንላለን፦ ክብር ለኢሪኔዎ ቤንታንኩር፣ ለዝገት ድል ነሺ፣ ለፎጣ አልባሽ፣ ብረትን እንደ ጢም ላለሰለሱ! ክብር ለእቴጌ ዙልማ፣ ለባለ መርፌዋ፣ ለትራክተር አስቁሚዋ፣ የጉድጓዱን ምስጢር ለመረመሩ! ዝናቸው ከወንዙ እስከ ባሕር ይሰማ፤ ዕድሜያቸውም ይርዘም። ፍሬኑ ገና አልተሠራምና፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ ክብር ስጧቸው፤ መንገድም ልቀቁላቸው።