የእናቴ ጉልበትና የመርከቧ ማዘዣ

ስልክ አንስታችሁ «ማን ልበል?» ማለት ይከብዳችኋል? እኔን በጣም ይከብደኛል። ደዋዩ «አላወቅከኝም እንዴ?» ካለማ በቃ፣ አለቀልኝ። «ኧረ እንዴት አላውቅህም!» እላለሁ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለማላውቃቸው ልጆቹ አወራለሁ። አንዴማ እንዲህ ስል ሠርግ ተጠርቼ፣ ቄራ ድረስ ሄጄ፣ በልቼ ጠጥቼ፣ ሙሽራውን ስሜ ተመልሻለሁ። ማን እንደጠራኝ እስካሁን አላውቅም። ምግቡ ግን ጥሩ ነበር።

ይህን ማንሳቴ ወድጄ አይደለም፤ ከሥራዬ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? መግባት ነው። ማለቴ፣ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ። ባለቤቱ ራሱ ውል ፈርሞ «እስቲ ግባና ቀዳዳችንን አሳየን» ይለኛል፤ እገባለሁ። ከዚያ በየት በየት እንደገባሁ ጽፌ እሰጣለሁ፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ቢሯችን ካዛንቺስ ነው፣ ከሥሩ ክትፎ ቤት ያለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ። እናቴ ይህን ሥራ ጨርሶ አልወደደችውም። ሰው ሲጠይቃት «ኮምፒውተር ይጠግናል» ብላ ወሬ ትቀይራለች። እውነቷን ነው፣ «ልጄ ሰው ቤት ሰብሮ ይገባል፣ ግን ደረሰኝ ይሰጣል» ትበል እንዴ?

ባለፈው የመጣልን ሥራ ግን ለእኔም አዲስ ነበር። መርከብ! ስሙን የማልነግራችሁ አንድ ድርጅት፣ የባሕር ኃይል ሰዎች መርከብ ማዘዝና መገናኘት የሚለማመዱበት ሥርዓት ሠርቷል። ከእውነተኛ መርከብ ጋር ከመያያዙ በፊት ይፈተሽ፣ የላላው ይጥበቅ ተባለ። መለማመጃው ቂርቆስ ነው፣ አንድ ቪላ ውስጥ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን፣ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ባሕር፣ ባሕሩ ላይ አንዲት ነጭ መርከብ። መስኮቱን ስትከፍቱት ደግሞ ጎረቤት አጥር ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ። «ባሕር በሌለበት?» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ። ሁሉም ነገር መጀመሪያ የሚለመደው በሌለበት ነው፤ እኔ ራሴ መኪና የተማርኩት መኪና ሳይኖረኝ ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ተቀምጦ ባገኝ ጥሩ ነው? ጋሽ በየነን! የሠፈሬ ሰው ናቸው፤ ከእናቴ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው የሚኖሩት። በወጣትነታቸው ምፅዋ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ መርከብ የሚያዳምጣቸው ሰው አጥተው ኖሩ። አሁን ድርጅቱ ፈልጎ ሲቀጥራቸው እንደገና ተወለዱ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸው ተተኩሶ፣ ጫማቸው ተወልውሎ ሲወጡ የሠፈሩ ሰው ቆሞ ነው የሚያያቸው። ሥራቸው አንዲት ነገር ናት። «መርከቧ አቅጣጫ ትቀይር» የሚል ትእዛዝ በስልክ ሲመጣ ደዋዩን የቀኑን ሚስጥር ቃል ይጠይቃሉ፤ ቢናገርም ስልኩን ይዘጉና መዝገብ ላይ ባለው ቁጥር መልሰው ይደውላሉ። ያኔ ብቻ ትእዛዙ ያልፋል።

መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር የኃላፊዋ ነው፣ የወይዘሮ ሰናይት። ወይዘሮ ሰናይት ፈጣን ሴት ናቸው፤ እሳቸው ጋ ገብቶ ወንበር ላይ በደንብ የተደላደለ ሰው የለም። «ኮምፒውተሩንም ፈትሽ፣ ሰዎቹንም ፈትሽ» አሉኝ። «ሰዎቹ ከተታለሉ ግን ያንን ወንበር አነሳዋለሁ። ማረጋገጡን ማሽን ይሥራው።»

ያ ወንበር የጋሽ በየነ ወንበር ነው። «ሽማግሌ ሰው በስልክ ቶሎ ይታለላል» ሲሉኝ ደግሞ ምን ልበል? እኔ ራሴ ስልጠና ላይ የምለው ይህንኑ ነው! እኚያን ሰው በገዛ እጄ ቤታቸው ልመልሳቸው ነው ማለት ነው። ለእናቴስ ምን እላታለሁ?

ኮምፒውተሩ አላስቸገረኝም። መርከብ የሚያዘው ኮምፒውተር ከቢሮው ማተሚያ ጋር አንድ መስመር ላይ ተያይዞ አገኘሁት። በማተሚያው ገብቼ ባሕር ላይ ወጣሁ ብላችሁ ታምናላችሁ? መስመሩ ተለየ። የቀኑ ሚስጥር ቃል ደግሞ ሰው እንዳይረሳው ተብሎ በወረቀት ተጽፎ የቀን መቁጠሪያው ሥር ተለጥፏል። ተነሣ። እንዲህ እንዲህ እያልን ማሽኑን አጠበቅነው። ቀጥሎ ሰዎቹ።

መጀመሪያ የደወልኩት በረከት ለሚባል ጎረምሳ ነው፤ ጋሽ በየነ ምሳ ሲወጡ እሱ ነው የሚተካቸው። በማያውቀው ቁጥር፣ ድምፄን አወፍሬ «ምነው፣ አላወቅከኝም እንዴ?» አልኩት። ስም እንኳ አላስፈለገኝም፤ ራሱ ሰጠኝ። «ኧረ አለቃ፣ ሙድ አይያዙብኝ! እርስዎን ነው የማላውቀው?» አለ። መርከቧን ወደ ግራ አዙር አልኩት። አዞረ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ያለችው መርከብ ድንጋይ ላይ ወጣች። ቀዳዳው የቱ ጋ እንደሆነ ገባኝ። የእኔው ቀዳዳ ነው! እኛ አገር ሰውን «ማን ነህ?» ማለት ነውር ነው፤ ከነውር መርከብ መስበር ይቀላል። ሪፖርቴ ላይ «በሥራ ስልክ ሰላምታ ይከልከል» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ጋሽ በየነ። የድሮ የምፅዋ ጓደኛቸው ልመስል አሰብኩ። ችግሩ ጓደኛ ከሆንኩ «አንተ» ልላቸው ነው! ጋሽ በየነን! አፌ አልታዘዝ አለኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ «በየነ፣ አንተ በየነ» እያልኩ ተለማመድኩ። እጁን ሊታጠብ የገባ ሰው አይቶኝ ሳይታጠብ ወጣ። ከዚያ ወይዘሮ ሰናይት ቢሮ ገብቼ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ደወልኩ።

«በየነ! ድምፄ ጠፋህ እንዴ?»

«ኧረ እንዴት ይጠፋኛል! አንተ፣ የት ነው የጠፋኸው?» አሉ።

ወይኔ ጋሽ በየነ! አለቀላቸው። ወይዘሮ ሰናይት ብዕራቸውን አነሡ። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ስልኩን ልዘጋው ቃጣኝ።

እሳቸው ግን ሰላምታውን ቀጠሉ። ባለቤትህ ደህና? ደህና። ልጆችስ? አምስት ናቸው፣ አንዷን ዳርኳት አልኩ። ጤናስ? ስኳር ይዞኛል አልኩ። ውሸቱ እንደ ውሃ ነው የሚፈስልኝ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እናታችንስ ደህና ናቸው?»

እንግዲህ አስቡት። እኔ አሁን ሰባ ያለፈኝ ሽማግሌ ነኝ። እናቴ በሕይወት ካለች መቶ ልትደፍን ነው። «አርፋለች፣ ቆየች» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደረሰ። አልወጣም አለ። እናቴን? በገዛ አፌ? ለሪፖርት ብዬ? እናንተስ ብትሆኑ ትሉታላችሁ? ሟርት አይደለም እንዴ!

«ደህና ናት» አልኩ። እዚያ ላይ ባቆምስ? «ያው ጉልበቷን ነው እንጂ።»

«ግራውን?»

«አዎ፣ ግራውን።»

በተረጋጋ ድምፅ «እሺ፣ ምን ልታዘዝ ወንድሜ?» አሉኝ። መርከቧን ወደ ግራ አዙርልኝ አልኩ። የቀኑን ቃል ጠየቁኝ። «እኔን? እኔን ቃል ትጠይቀኛለህ?» ብዬ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ፣ ምፅዋን አነሣሁ። «ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው» አሉና ዘጉት።

ወዲያው የወይዘሮ ሰናይት ስልክ ጮኸ። ድምፃቸው ለእኔም ይሰማል። «ወይዘሮ ሰናይት፣ መርከቧ ትዙር ብለዋል?» አላልኩም አሉ። «እኔም አላዞርኩም። አጠገብዎ ለተቀመጠው ልጅ ደግሞ ይንገሩልኝ፣ ለእናቱ ጉልበት ቅባት አግኝቻለሁ፤ ማታ ይዤላት እሄዳለሁ።»

ወይዘሮ ሰናይት ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ብዕራቸው ጠረጴዛ ሥር ገባ።

በነጋታው ሄጄ በምን አወቁኝ አልኳቸው። «ድምፅህንማ መች አወቅኩት» አሉኝ። «ግን ማን ነህ ብዬ ሰው አላሳፍርም። ሰላምታ እሰጠዋለሁ። ውሸታም ሚስት ይፈጥራል፣ ልጅ ይፈጥራል፤ እናቱ ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። ግራ ጉልበቷን የሚያማት እናት ደግሞ የማውቀው ያንተን ብቻ ነው። አንተ ደግሞ የጨዋ ልጅ ስለሆንክ ባሰብህ።» ስድብ ይሁን ምርቃት እስካሁን አልለየሁትም፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት።

ሪፖርቱን ቀየርኩት። «ሰላምታ ይከልከል» የሚለውን ሰረዝኩ። «ሰላምታ እስከ እናት ድረስ ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ይሁን ማን መዝገብ ላይ ባለው ቁጥር ተመልሶ ይደወልለት» ብዬ ጻፍኩ። የጋሽ በየነ ወንበር አልተነሣም፤ እንዲያውም አጠገቡ ለበረከት አንድ ተጨመረ፣ ከእሳቸው እንዲማር። ሰሞኑን እሱ ጋ የደወለ ሰው የአክስቱን ልጅ ጤና ሳይናገር አያመልጥም አሉ።

እኔም ተምሬያለሁ። እሁድ ከሰዓት ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ፣ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። የሴት ድምፅ ነው። «ምነው ጠፋህ?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ ኮራ ብዬ «ማን ልበል?» አልኩ።

«እናትህ ነኛ!»

ድምፁስ የእናቴ ነው። ግን ዘንድሮ ድምፅ በማሽን እንደሚሠራ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ስልክሽ የታለ አልኳት። ባትሪው አልቆ ነው፣ ይሄ የጋሽ በየነ አዲስ ቁጥር ነው አለች። አታላይ ሁሉ የሚለው ይህንኑ አይደል? ዘጋሁና መዝገቤ ላይ ባለው ቁጥር መልሼ ደወልኩ። ዝግ ነው። በመመሪያው መሠረት እናቴ እናቴ መሆኗ አልተረጋገጠም።

ደግማ ደወለች። እየጮኸች ነው። ከኋላዋ ጋሽ በየነ «ደግ አደረገ! አትቆጪው፣ ሥራው ነው!» ሲሉ ይሰማኛል፤ ግን የእሳቸውም ድምፅ ቢሆን ድምፅ ነው። የቀረኝ አንድ መላ ብቻ ነበር።

«ጉልበትሽስ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ተመስገን፣ ዛሬስ ምንም አላመመኝ» አለች።

እናቴን ሳውቃት ጉልበቷን ሳያማት ውላ አታውቅም። ስልኩን ዘጋሁት።