ተስኒም ሮጣለች ወይስ ተኝታለች?

(አሰብ፣ በፈረንጆቹ 1996፣ ከቀትር በኋላ። የስፖርት አስተማሪው በዛብህ፣ በጀዕፈር ሱቅ በር ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ያለ እረፍት ያንቀጠቅጣል። ባለሱቁ ጀዕፈር ሻይ ይዞ ከባንኮው ጀርባ ይወጣል።)

በዛብህ፦ ዋሽታለች አልኩህ እኮ! ልጅህ ተስኒም ዋሽታለች፣ አለቀ!

ጀዕፈር፦ የኔ ልጅ አትዋሽም። ሚዛኑ ላይ ጣቴ ካረፈ እንኳ «አባዬ፣ ጣትህን አንሳ» ትለኛለች። ያውም ደንበኛ ፊት!

በዛብህ፦ ስማኝ። (ክብሪት የምታክል ነገር ከኪሱ ያወጣል) ይቺ መሣሪያ ወገብ ላይ ትሰካለች። ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትቆጥራለች። ለተማሪዎቼ በየተራ እሰጥና በማግስቱ «ምን ያህል ተንቀሳቀስክ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ የልጁን አፍና የመሣሪያዋን ቁጥር አስተያያለሁ። ገባህ?

ጀዕፈር፦ ገባኝ። ራዲዮ ናት።

በዛብህ፦ ራዲዮ አይደለችም!

ጀዕፈር፦ ታዲያ ስለ ልጄ ማን አወራልህ?

በዛብህ፦ ቁጥሯ ነዋ! ተማሪዬ ሙባረክ «በይሉል ከተማ ድረስ ሮጥኩ» ብሎኝ፣ ከአልጋው እንዳልወረደ አጋለጠችው። ያንተዋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። «ትናንት ከቀትር በኋላ ተኝቼ ነው የዋልኩት» አለችኝ። መሣሪያዋ ግን ስትፈነጭ እንደዋለች ትናገራለች!

ጀዕፈር፦ ያ ረቢ! በይሉል ደርሳ ተመለሰች?

በዛብህ፦ እኔ ምን አውቃለሁ!

ጀዕፈር፦ በየት አልፋ? በሩ ላይ እኮ እኔና አንተ ዳማ ስንጫወት ነበር።

በዛብህ፦ ልጅ መውጫ አያጣም። ለማንኛውም ጥዖ ከተማ ለሚደረገው የሩጫ ውድድር አልወስዳትም። ውሸታም ቡድኔ ውስጥ አይገባም ብያለሁ፣ ብያለሁ!

ጀዕፈር፦ በዛብህ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከተመለሰች ጀምሮ እያለቀሰች ነው። ውድድሩ ቢቀርባት ግድ የለም፤ ውሸታም መባሏ ነው ያንገበገባት። እኔንም አንገብግቦኛል። (ሻዩን አግዳሚው ላይ ያስቀምጣል። ብርጭቆው መንቀጥቀጥ ይጀምራል) ኧረ እግርህን! ሻዩ ተደፋ!

በዛብህ፦ የቱን እግሬን? ወንበርህ ነው የሚወዛወዘው። እኔ የስፖርት ሰው ነኝ፤ ጣቴን ባንቀሳቅስ አውቃለሁ። ትናንትም ዳማው ላይ እንደ ድንጋይ ነበርኩ።

ጀዕፈር፦ እሺ። (ያስባል) ተስኒም ግን ትናንት ስትተኛ መሣሪያዋን ወገቤን ቆረቆረችኝ ብላ ፈትታታለች።

በዛብህ፦ (ብድግ ይላል) ምን? የት አስቀመጠቻት?

ጀዕፈር፦ ምስማር ላይ ከተሰቀለው ሽርጥ ጠርዝ ላይ ሰካቻት። ለዐሱር ሶላት ስትነሳ መልሳ ወሰደቻት።

በዛብህ፦ ታዲያ ሽርጥ ምስማር ላይ ሆኖ ይሮጣል?

ጀዕፈር፦ አይሮጥም። ግን እሷ ተኝታ ሳለ ሰው ለብሶት ነበር፤ በኋላ መልሶ ሰቀለው።

በዛብህ፦ (በደስታ) አገኘነው! ልጅቷን በከንቱ ነው ያማናት! ሲቅበጠበጥ የዋለው ያ የለበሰው ሰውዬ ነው! ማነው እሱ?

ጀዕፈር፦ እንግዳ ነው። ሙቀቱ ሲብስበት ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ ይዋሰኛል።

በዛብህ፦ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ጠይቀዋ!

ጀዕፈር፦ ሳልጠይቀው ነገረኝ። «እንደ ድንጋይ ነበርኩ» አለኝ።

በዛብህ፦ ቀጣፊ! ዓይኑን በጨው የታጠበ ቀጣ... (እግሩን ያያል። በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ሌላኛው እግር ይጀምራል።)

ጀዕፈር፦ (ሻዩን ከአግዳሚው ላይ ያነሳል፤ ወደ ውስጥ ይጣራል) ተስኒም! ዕንባሽን ጥረጊ ልጄ፣ ጥዖ ትሄጃለሽ! የሚቀረው አሰልጣኝሽ ነው፤ ውሸታም ቡድኑ ውስጥ አይገባም ብሏል!