የምክትሉን መኪና ያደረቅሁ ቀን

ይህን ከነምክንያቱ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ መኪና ማድረቅ በየትኛው ትእዛዝ ሥር እንደሚገባ ሲፈልጉ እንዳይቸገሩብኝ ብዬ ነው። አሁን ለእናንተ የምነግራችሁ ባለመኪናው ወደ ዋጫ ተዛውሮ፣ አግብቶ፣ ሁለት ልጆች ወልዶ፣ መኪናዋንም ሸጦ ስለጨረሰ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ግን ይከብዳል።

ዓይን አፋር ሰው ምንም የማያደርግ ይመስላችኋል አይደል? ተሳስታችኋል። ዓይን አፋር ሰው ደፋር የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል፤ ብቻ ሰው በማያይበት ሰዓት ያደርገዋል። ደፋሯ ሴት የወደደችውን ሰው ሻይ እንጠጣ ትለዋለች። እኔ ግን፣ ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ፣ በየቀኑ ስልሳ ተማሪ ፊት እየቆምኩ፣ ለመምህር ታደለ በሦስት ዓመት ውስጥ የተናገርኩት ረጅሙ ዓረፍተ ነገር «ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» የሚል ነበር። ወደድኩት ብዬ ልጻፍ? እሺ፣ ተጻፈ።

ታደለ የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር። ከሺሺንዳ ማዶ ባለው የአባቱ የቡና ማሳ ላይ ዓመታት ለፍቶ አንዲት ጥቁር የቤት መኪና ገዛ። ያገለገለች ናት፤ ቀለሟ ግን መስታወት ነው። እንዴት እንደሚያያት ብታዩ! እኔን አንድ ቀን እንደዚያ ቢያየኝ ኖሮ ይህ ወግ ሌላ ወግ ይሆን ነበር። ቦንጋ ደግሞ ለጥቁር መኪና የምትራራ ከተማ አይደለችም። ዝናቡ ቀጠሮ አይዝም፤ ዱብ ዱብ ብሎ ያባራና ወዲያው ፀሐይ ትወጣለች። አንድ ቀን በመምህራን ክፍል ውስጥ፣ ጠብታው በፀሐይ ከደረቀ ቀለሙ ላይ ነጠብጣብ እንደሚተው በሰፊው አስረዳን። ሌሎቹ ሻያቸውን ይጠጣሉ። እኔ በልቤ ጻፍኩት።

መኪናዋን የሚያጥቡትና የሚያደርቁት የግቢው ጥበቃ ጋሽ አደሎ ነበሩ። ግዴታቸው አይደለም፤ ምክትሉን አክብረው ነው። ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚጠቀሙበት ለስላሳ ጨርቅ ነበራቸው፤ አጥበው ከጥበቃ ቤቱ በር ላይ ያሰጡታል።

ያን ማክሰኞ ዝናቡ ወርዶ ወርዶ ድንገት አባራ። ታደለ ስብሰባ ላይ ነው። ጋሽ አደሎ በጓሮ በኩል የገባ ጥጃ ሊያስወጡ ሄደዋል። እኔ ክፍለ ጊዜ የለኝም። መኪናዋ ከቤተ ሙከራው ጎን ጠብታዋን ተሸክማ ቆማለች፤ ፀሐይዋ እየመጣች ነው። በእጄ ያለው ዳስተሬ ብቻ ነው። የእኔ ዳስተር እንደ ሌሎቹ እንዳይመስላችሁ፤ ከአሮጌ ጋቢ ቆርጬ፣ ሆዷን በጨርቅ ሞልቼ፣ በእጄ የሰፋኋት ናት። ከእሷ የሚለሰልስ ነገር በግቢው አልነበረም።

ግድግዳ ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጌ ጠመኔዋን አራገፍኩና ጀመርኩ። አሥር ዓመት ሰሌዳ ያጠፋ እጅ ሌላ ዘዴ አያውቅም። በክብ፣ በክብ፣ ጫን እያልኩ። የሰው ኮቴ የሰማሁ መሰለኝና ደንግጬ ዳስተሯን ጠጠሩ ላይ ጣልኳት። ማንም አልነበረም። አነሣኋት፣ «እፍ» አልኩባት፣ ቀጠልኩ። ስጨርስ መኪናዋ ደርቃ አብረቀረቀች። ያን ቀን ከሥራ የወጣሁት በደስታ እየበረርኩ ነው።

በማግስቱ ፀሐይዋ በደንብ ስትወጣ፣ ከኮፈኑ እስከ ጣሪያው እንደ ሸረሪት ድር የተጠማዘዘ ጭረት ታየ። መምህራኑ ከበው ተፈላሰፉ። የስፖርት መምህሩ በቆርኪ ነው የደረቀችው አለ፤ የታሪክ መምህሩ ደግሞ የቅናት ሥራ ነው ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። እኔ የጫማዬን ጫፍ አጠናሁ። ታደለ ጋሽ አደሎን አስጠራና በምን እንዳደረቋት ጠየቃቸው።

«በጨርቄ ነዋ» አሉ።

«ጨርቁ አሸዋ ነበረበት?»

ጋሽ አደሎ ሁላችንንም አዩን። ዓይናቸው እኔን አልፎ ሄደ። «ሊኖርበት ይችላል» አሉ።

ታደለ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ፊቱ ጠቁሯል። የጥበቃዎች ውል የሚታደስበት ወር ነበርና፣ የእሳቸውን ጉዳይ ነገ ጠዋት ከርዕሰ መምህሩ ጋር እንደሚነጋገርበት በሰው ፊት ነገራቸው። የአምስት ልጆች አባት ናቸው።

ማታ ስወጣ በሩን ከፈቱልኝ። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቲቸር» አሉኝ፣ «መኪና ሰሌዳ አይደለም።»

ባለሁበት ቆምኩ። ለካ ጥጃውን ይዘው ሲመለሱ አይተውኛል። ከዚያ ልክ ትምህርት እንደሚደግም ሰው ረጋ ብለው አስረዱኝ፦ መጀመሪያ ብዙ ውሃ፣ አቧራው እንዲወርድ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግተሽ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ፣ ሳትጫኚ ወደ ራስሽ መሳብ እንጂ ማሸት የለም። ከጣሪያ ወደ ታች ነው፤ ጭቃ የሚያድረው ታች ስለሆነ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ደግሞ የዚያን ቀን ሥራው አብቅቷል።

«ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«እኔም እንዳንቺ ያለች ሴት ልጅ አለችኝ። አንቺ ከዕፍረት ትሞቻለሽ። እኔ ሥራ ባጣ አልሞትም።»

እቤቴ ገብቼ ለታደለ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ የጋብቻ ጥያቄ መሰለኝ፣ ቀደድኩት። ሌላው የፍርድ ቤት ቃል መሰለኝ፣ ቀደድኩት። ሰውዬው ከዕፍረት የሚያድኑት እኔን ነው፤ የሚከፍሉት ግን በልጆቻቸው ጉሮሮ ነው። እንዲህ ዓይነት ዓይን አፋርነት ጨዋነት ሳይሆን ስስት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ተማሪው ወደየክፍሉ ሲበተን፣ ታደለና ርዕሰ መምህሩ ወደ ቢሮ ሲያመሩ ጋሽ አደሎም ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሲከተሏቸው አየሁ። ሮጥኩ። ሮጬ ፊታቸው ቆምኩ።

«መኪናዋን የጫርኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «በዳስተር። ጋሽ አደሎ አልነኳትም።»

ታደለ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየኝ። እንደዚያ እንዲያየኝ አልነበረም የተመኘሁት። «አንቺ? ለምን?» አለ።

ይህኛው ከባዱ ጥያቄ ነበር። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ደርሶ ተመለሰ።

«የፊዚክስ ሙከራ ነበር» አልኩት።

ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። ታደለ ግን አልሳቀም፤ ዞሮ የጋሽ አደሎን እጅ ይዞ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። እኔ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አልጠበቅሁም፤ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ያገኘሁትን የመጀመሪያ በር ከፍቼ ክፍል ገባሁ። ስልሳ ተማሪ ብድግ አለልኝ። ማናቸውንም አላውቃቸውም፤ የጂኦግራፊ መምህራቸውን ይጠብቁ ነበር።

ተቀመጡ አልኳቸውና አርባ ደቂቃ ሙሉ ፊዚክስ አስተማርኳቸው።